«ብርድ ነው» የተባለው ጠጠር

ደሴ ውስጥ ወገቡን ይዞ የሚያቃስት ሰው ከተገኘ ምርመራው አጭር ነው። «ብርድ መትቶህ ነው» ይባላል። ከተማይቱ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ፣ ከጦሳ ተራራ ሥር የተቀመጠች፣ ጉም ሲያሰኘው በቀትር የሚወርድባት በመሆኗ ብርድን ለመክሰስ ምስክር መጥራት አያስፈልግም። ጉልበት ካመመ ብርድ ነው፤ ጎን ከወጋ ብርድ ነው፤ ሽንት ካቃጠለም ብርድ ነው። እኔም በልጅነቴ ስንቱ ጎረቤት በብርድ ስም ሲታሽ፣ ሲታጠን፣ በጋቢ ላይ ጋቢ ሲደረብለት አይቻለሁ። ከእነዚያ ሰዎች አንዱ የእናቴ ወንድም ነበር።

ዛሬ ስለ አንድ ጠጠር ታሪክ ልጽፍ የተነሣሁት አጎቴን የጎዳው ብርድ ሳይሆን የብርድ ተቃራኒ እንደ ነበረ ካወቅሁ በኋላ ነው። ማወቄ ለእሱ የፈየደለት ነገር የለም። ምናልባት ግን ዛሬም ወገቡን ይዞ ጋቢ ለሚደራርብ አንድ አንባቢ ይጠቅም ይሆናል።

የአሰብ መንገድ

አጎቴ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር። ጋሼ ነበር የምለው። የሚነዳው ያን የዘመኑን ጉልበተኛ ፊያት፣ ሾፌሮች «ኤንትሬ» የሚሉትን፣ ከነተሳቢው ነው። መነሻው ኮምቦልቻ፣ መድረሻው አሰብ ነበር።

የኮምቦልቻን ነገር ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ልበል። ከአዲስ አበባ 375 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ኮምቦልቻ የደረሰ መንገደኛ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው መንገድ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወጥቶ ደሴ ይገባል፤ ከዚያም ወደ ወልድያና መቀሌ ይዘልቃል። ሁለተኛው በባቲ በኩል ወደ አፋር በረሃ ይወርዳል። ጣሊያን በወረራው ዓመታት የአሰብን ወደብ ከደሴ ለማገናኘት የሠራው ይህ ሁለተኛው መንገድ ነው ኮምቦልቻን የመንገድ ከተማ ያደረጋት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ቁልቁለቱ ከ600 ሜትር በላይ ነው። ደሴ ላይ ካፖርት የለበሰ ሰው ኮምቦልቻ ላይ ያወልቀዋል፤ ባቲ ላይ የሸሚዙን ቁልፍ ይፈታል፤ ሚሌ ሲደርስ ሸሚዙም ይከብደዋል። ከዚያ ወዲያ ሎግያ፣ ሰርዶ፣ ማንዳ እየተባለ እስከ አሰብ ያለው የሐሩር አገር ነው። ከኮምቦልቻ አሰብ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል።

ጋሼ በዚህ መንገድ ላይ ሃያ ዓመት ያህል ተመላልሷል። የዚያን ጊዜ ሾፌሮች ልማድ ነበራቸው፤ ጉዞ ላይ ውኃ አይጠጡም። «ውኃ ያልባል፣ ውኃ ያስቆማል» ይሉ ነበር። በበረሃው ከንፈራቸው እስኪደርቅ ነድተው ማታ ባቲ ወይም ኮምቦልቻ ሲገቡ ግን ድካማቸውን ይበቀሉታል። ጥሬ ሥጋው ይቆረጣል፣ ዱለቱ ይመጣል፣ ቢራው ይደረደራል። ያ ለእነሱ የላብ ዋጋ ነበር። ማንም ሊወቅሳቸው አይችልም።

በ1977 ዓ.ም. ድርቁ ወሎን ሲያነድ የእርዳታው እህል በብዛት የሚራገፈው አሰብ ላይ ነበር። ጋሼ ያን ዓመት ቤቱን አያውቀውም ማለት ይቻላል። እህል ጭኖ ይወጣል፣ አራግፎ ይወርዳል፣ እንቅልፉን መሪው ላይ ያንጎላጃል። ሲመጣ ስለ ኮረም ያየውን ከመናገር ዝም ማለትን ይመርጥ ነበር። የመጀመሪያው ሕመም የጣለው ከዚያ በኋላ በሁለተኛው ዓመት ነው።

ሌሊት ነበር። ከጎኑ ተነሥቶ ወደ ብሽሽቱ የሚወርድ ሕመም ይዞት መሬት ላይ ይንከባለል ጀመር። መቀመጥም መቆምም አልቻለም፤ ያስመልሰው ነበር። ሚስቱን እትዬ ነው የምላት፤ እትዬ ያኔ «አብሽር፣ ብርድ ነው» እያለች ጨው አሙቃ ስትይዝለት ትዝ ይለኛል። ነጋና ወደ ሕክምና ተወሰደ። ራጅ ተነሣ። ራጁን ያነበበው ሰው፣ የየትኛው ሆስፒታል እንደ ነበረ መናገር አያስፈልገኝም፣ «ምንም ጠጠር የለህም፤ ነርቭ ይሆናል» አለው። የማስታገሻ መርፌ ተወግቶ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ራጅ ሦስት ጊዜ ተነሥቷል። ሦስቱም ጊዜ ፊልሙ ንጹሕ ነበር። በመጨረሻ ሰውም፣ አንዳንዴም እኛ ቤተ ዘመዶቹ፣ «ሥራ ጠልቶ ነው» እስከ ማለት ደረስን። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

አንድ ቀን በከባድ ምጥ የሽምብራ ፍሬ የምታህል፣ መልኳ እንደ ሸክላ የቀላ ጠጠር ከሽንቱ ጋር ወጣች። እትዬ አጥባ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አስቀመጠቻት። «ወጣ፣ ተገላገለ» ተባለ። አልተገላገለም ነበር። በ1984 ዓ.ም. ፊቱና እግሩ አብጦ፣ ሁለቱም ኩላሊቶቹ ሥራ አቁመው ሞተ። የኩላሊት እጥበት ያን ጊዜ ለእንደ እሱ ያለ ሰው የሚታሰብ አልነበረም።

ከፈርዖኖች የሚበልጥ ዕድሜ

ጠጠር የሾፌሮች በሽታ ብቻ አይደለም፤ የሥልጣኔ ያህል ዕድሜ አለው። እ.ኤ.አ. በ1901 ኤልዮት ስሚዝ የተባለ የአካል ጥናት ሊቅ በላይኛው ግብፅ ኤል አምራ በተባለ ቦታ ከተቆፈረ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ የ16 ዓመት ገደማ ልጅ አፅም አገኘ። በዳሌ አጥንቶቹ መካከል የፊኛ ጠጠር ነበር። ልጁ የኖረው ፒራሚዶች ከመሠራታቸው እጅግ ቀደም ብሎ ነው። ጠጠሩ ሲመረመር እምብርቱ ዩሪክ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ለንደን በሚገኘው የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ቤተ መዘክር ተቀምጦ ሲኖር እ.ኤ.አ. በ1941 የጀርመን ቦምብ ከነሕንፃው አወደመው። ያን ሁሉ ሺህ ዓመት በአሸዋ ውስጥ የቆየ ጠጠር በአንድ ሌሊት ጠፋ።

የጥንት ግሪክ ሐኪሞች በሂፖክራተስ ስም በሚጠራው መሐላቸው፣ ጠጠር ያለበትን ሰው እንኳ በስለት ላለመንካት፣ ሥራውን ለባለ ሙያዎቹ ለመተው ይምሉ ነበር። ኢብን ሲና ከሺህ ዓመት በፊት «ቃኑን» በተባለው ታላቅ የሕክምና መጽሐፉ ስለ ኩላሊትና ስለ ፊኛ ጠጠር በሰፊው ጽፏል። ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሞንቴኝ ጠጠሩ ሲያሠቃየው እ.ኤ.አ. በ1580 ተነሥቶ ከአንዱ ፍል ውኃ ወደ ሌላው እየዞረ በጀርመንና በኢጣሊያ ተንከራተተ። እኛም ዘንድ ጠበልና ፍል ውኃ ለዚሁ ሕመም መጠጊያ ሆነው መኖራቸውን ልብ ይሏል። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፔፒስ እ.ኤ.አ. በ1658 ያለ ማደንዘዣ ተቀድዶ ጠጠሩ ከወጣለት በኋላ፣ የዳነበትን ቀን በየዓመቱ ድግስ ደግሶ ያከብር ነበር። ንጉሠ ነገሥት ናፖሊዮን ሣልሳዊ ደግሞ ይህን ያህል አልታደለም፤ በፊኛው ጠጠር እየተሠቃየ ሲዳን ላይ በጀርመኖች ከተማረከ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1873 ጠጠሩን ለማድቀቅ በተደረገለት ቀዶ ሕክምና መካከል ሞተ።

ለብዙ ዘመን ጠጠሩ ከምን እንደሚሠራ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ምስጢሩን የፈታው ስዊድናዊው ፋርማሲስት ካርል ሼለ ነው። እ.ኤ.አ. በ1776 ከፊኛ የወጣ ጠጠር ወስዶ መረመረና ከዚያ በፊት የማይታወቅ አሲድ አገኘ። ከግሪክኛው ቃል ተወስዶ «የድንጋይ አሲድ» ተባለ፤ በኋላ ነው ዩሪክ አሲድ የተባለው። እ.ኤ.አ. በ1848 እንግሊዛዊው ሐኪም አልፍሬድ ጋሮድ ይኸው አሲድ ሪህ ባለባቸው ሰዎች ደም ውስጥ በዝቶ እንደሚገኝ አሳየ። ሪህና ይህ ጠጠር የአንድ አባት ልጆች መሆናቸው የታወቀው በዚህ ዓይነት ነው።

የእመት ስቲፈንስ ምስጢር

አገራችን ውስጥ ባሕላዊ መድኃኒት የሚያውቅ ሰው ሥሩን አይናገርም፤ ከተናገረ መድኃኒቱ ይረክሳል ይባላል። እንግሊዝ አገርም ይኸው ነበር። በ18ኛው ምዕት ዓመት ጆአና ስቲፈንስ የተባለች ሴት ጠጠር የሚያሟሟ መድኃኒት አለኝ ብላ ስሟ ገነነ። ሎርዱም ጳጳሱም ደጇን ጠኑ። ምስጢሩን እንድትናገር ሲጠይቋት 5,000 ፓውንድ ካልተከፈለኝ አለች። ለዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው። እ.ኤ.አ. በ1739 የእንግሊዝ ፓርላማ ገንዘቡን እንዲከፈላት ወሰነ። ምስጢሩም ወጣ፤ የእንቁላል ቅርፊትና ቀንድ አውጣ እስኪያር ተቃጥሎ የተፈጨ ዱቄት፣ ከእሱም ጋር ሳሙናና ቅጠላ ቅጠል ሆኖ ተገኘ።

ብዙ ሰው ሳቀ። ነገሩ ግን ሙሉ በሙሉ የሚያስቅ አልነበረም። የተቃጠለ የእንቁላል ቅርፊት ኖራ ነው፤ ኖራም ሳሙናም የአሲድ ተቃራኒ፣ አልካሊ ናቸው። ሴትየዋ ሳታውቀው ትክክለኛውን በር አንኳኩታ ነበር። ስለ ኖራ ውኃና ስለ ጠጠር የተነሣው ክርክር ጆሴፍ ብላክ የተባለውን ወጣት ሐኪም ከኖራ የተሻለ መድኃኒት እንዲፈልግ አነሣሣው። እሱም ማግኒዢያን ሲመረምር እ.ኤ.አ. በ1750ዎቹ ዛሬ ካርቦን ዳይኦክሳይድ የምንለውን ጋዝ አገኘ። አምቦ ውኃ ሲከፈት የሚፈላው ጋዝ የታወቀው የጠጠር መድኃኒት ሲፈለግ ነው ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1895 ሮንትገን ራጅን ፈለሰፈ፤ በዓመቱ ግላስጎ ላይ የኩላሊት ጠጠር በራጅ ታየ። ዓለም ተደሰተ። ነገር ግን ራጅ የሚያየው ካልሲየም ያለበትን ጠጠር ነው። አብዛኛው ጠጠር ካልሲየም አለበት፤ ንጹሕ የዩሪክ አሲድ ጠጠር ግን ከመቶ አሥር ገደማ የሚሆነው ሲሆን፣ የራጅ ጨረር እንደ ሥጋ አልፎት ይሄዳል። ፊልሙ ላይ ጥላ አይጥልም። የአጎቴ ፊልም ሦስት ጊዜ ንጹሕ የሆነው ለዚህ ነው። ራጁ አልዋሸም፤ «አላየሁም» ያለውን «የለም» ብለን የተረጎምነው እኛ ነን።

ሰውነት ውስጥ የሚሆነው

ዩሪክ አሲድ መርዝ አይደለም። ከራሳችን ሕዋሳትና ከምንበላው ምግብ ውስጥ ፑሪን የተባለው ንጥረ ነገር ሲፈራርስ የሚቀር ዝቃጭ ነው። ብዙዎቹ እንስሳት ይህን ዝቃጭ የበለጠ የሚሰብር ኤንዛይም አላቸው፤ የሰው ዘር ግን ይህን ኤንዛይም ከሚሊዮን ዓመታት በፊት አጥቶታል። ስለዚህ አንድ ጤነኛ ሰው በቀን ከ500 እስከ 700 ሚሊግራም የሚሆን ዩሪክ አሲድ በሽንቱ ያስወግዳል።

ነገሩ የሚበላሸው በሦስት መንገድ ነው። አንደኛው የሽንት ማነስ ነው። ሁለተኛው የዩሪክ አሲዱ መብዛት ነው። ሦስተኛውና ዋነኛው ግን የሽንቱ አሲዳማነት ነው። ስኳር በትኩስ ሻይ ውስጥ በቀላሉ እንደሚሟሟ፣ በቀዘቀዘው ውስጥ ግን ከብርጭቆው ሥር እንደሚዘቅጥ ሁሉ፣ ዩሪክ አሲድም በአሲዳማ ሽንት ውስጥ አይሟሟም፤ ይዘቅጣል። አሲዳማነት የሚለካው ፒኤች በተባለ ሚዛን ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በረታ ማለት ነው። የሽንቱ ፒኤች ከ5 ወደ 7 ከፍ ሲል ሊሟሟ የሚችለው የዩሪክ አሲድ መጠን ከአሥር እጥፍ በላይ ያድጋል። ከ5.5 በታች ሆኖ ከሰነበተ ግን ደለሉ ወደ አሸዋ፣ አሸዋው ወደ ጠጠር ይለወጣል።

አሁን የአሰብን መንገድ እናስታውስ። በረሃው ውኃውን በላብ ይወስደዋል፤ ሽንቱ ያንሳል፣ ይወፍራል፣ አሲዳማ ይሆናል። ማታ ሥጋው፣ ጉበቱ፣ ቢራው ፑሪኑን ይጨምራል። ሥጋ በራሱ ሽንትን አሲዳማ ያደርጋል። ማግስቱን ደግሞ በረሃ ነው። አንድ ሰው የዩሪክ አሲድ ጠጠር ይሠራልኝ ብሎ ቢያቅድ ከዚህ የተሻለ አኗኗር አያገኝም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ወደ ኩዌትና ኢራቅ በረሃ የዘመቱ ወታደሮች የጠጠር ሕመም የያዛቸው በአማካይ ከደረሱ ሦስት ወር ገደማ በኋላ እንደ ነበር ያሳያል። ሦስት ወር! ጋሼ ሃያ ዓመት ነበር የነዳው።

እንግዲህ የደሴን ብርድ ስንከስ የኖርነው በሐሰት ነበር። ጠጠሩ የተሠራው ከሐረጎ በታች ነው። ሕመሙ የሚነሣው ግን ቤቱ ገብቶ ሲያርፍ፣ ማለትም ደሴ ላይ ስለሆነ፣ ብርዱ በአጋጣሚ በቦታው ተገኝቶ ተከሰሰ።

ግብርና ጾም

በደሴ የንጉሥ ሚካኤል አዳራሽ ዛሬም «አይጠየፍ» ይባላል። ከግብሩ ማዕድ ማንም እንዳይገለል ተብሎ የወጣ ስም ነው ይላሉ። ደግ ስም ነው። ሥጋ የበላ ሰው የተከበረ ሰው መሆኑን ግን ሁላችንም ከዚህ ዓይነቱ አዳራሽ ወርሰናል። እንግዳ ሲመጣ ሥጋ ነው፣ ሠርግ ሥጋ ነው፣ ዕርቅም ሥጋ ነው። በአውሮፓ ሪህ «የነገሥታት በሽታ» መባሉ ያለ ምክንያት አይደለም።

ያም ሆኖ አባቶቻችን ልጓም ነበራቸው። ክርስቲያኑ ሁዳዴን ብቻ 55 ቀን ከሥጋ ይርቃል፤ ረቡዕ፣ ዓርብና ሌሎቹ አጽዋማት ሲጨመሩ የዓመቱ እኩሌታ ያህል ጾም ነው። በሽሮውና በምስሩ ውስጥ ያለው ፑሪን እንደ ሥጋው አይጎዳም። ችግሩ ያለው ፋሲካ ላይ ነው፤ ሁለት ወር ያረፈ ሰውነት በአንድ ሳምንት ቅርጫውን ሲሸከም። ሙስሊሙም በረመዳን ቀኑን ውኃ አይቀምስም፤ ጠጠር የያዘው ሰው በመግሪብና በሱሑር መካከል ውኃውን ማካካስ አለበት፤ ሕመሙ ከጸና ደግሞ ሃይማኖቱ ራሱ ለበሽተኛ ፈቃድ ሰጥቷል። በሁለቱም ቤት ጾሙ አይደለም ጥፋተኛው፤ አፈታቱ ነው።

ጠጠር የጥጋብ ብቻ ነው እንዳይባል ደግሞ ሌላ ገጽ አለው። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት በእንግሊዝ ኖርፎክ አውራጃ የፊኛ ጠጠር የድሀ ልጆች በሽታ ነበር። ወተትና ሥጋ ሳይቀምሱ በእህል ብቻ የሚያድጉ ሕፃናት ሽንታቸው ውስጥ የዩሪክ አሲድ ጨው ይዘቅጥ ነበር። ምግቡ ሲሻሻል በሽታው ከአውሮፓ ጠፋ። ያው አንድ አሲድ በረሃብም በጥጋብም ድንጋይ ይሆናል። ወሎ ሁለቱንም አውቃለች፤ ጋሼ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይነዳ ነበር።

የክብሪት ቀፎዋ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔንም ሌሊት ያ ሕመም ጣለኝ። እኔ ሾፌር አይደለሁም፤ ወንበር ላይ የምውል፣ ክብደት የጨመርኩ፣ ስኳር ጀምሮሃል የተባልኩ ሰው ነኝ። የስኳር ሕመምና ውፍረት ሽንትን አሲዳማ እንደሚያደርጉ ያኔ አላውቅም ነበር። ራጁ ንጹሕ ሆነ። የድሮው ታሪክ ሊደገም ነው ብዬ ፈራሁ። ዘመኑ ግን ተለውጧል፤ አልትራሳውንድ ተደረገልኝ፤ ስምንት ሚሊ ሜትር የሆነ ጠጠር ታየ። ሲቲ ስካኑም አረጋገጠ። ሐኪሙ አንዲት ቀጭን ወረቀት ሽንቴ ውስጥ ነክሮ ቀለሟን አየና «አምስት ነው። ይኼ ቢላዋ አይፈልግም፤ ይሟሟል» አለኝ።

የታዘዘልኝ ፖታሲየም ሲትሬት ነው። እሱ ባልተገኘበት ሳምንት ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ያው ዳቦ ቤት የሚያውቀው የመጋገሪያ ሶዳ፣ በልክ ተሰጠኝ። የሽንቴን ፒኤች በየቀኑ እየለካሁ ከ6 በላይ፣ ከ7 በታች እንዲሆን ተነገረኝ፤ ከ7 ካለፈ ሌላ ዓይነት ጠጠር ይጋግራልና። ሽንቴ በቀን ከሁለት ሊትር እንዳያንስ ውኃ እጠጣ ነበር። በሦስተኛው ወር አልትራሳውንዱ ላይ ምንም አልነበረም። የስምንት ሚሊ ሜትር ድንጋይ እንደ ጨው ሟሙቶ ሄደ።

ያን ጊዜ እትዬ ዘንድ ሄጄ የክብሪት ቀፎዋን ጠየቅኋት። በሣጥኗ ውስጥ፣ ከጋሼ መንጃ ፈቃድ ጋር ነበረች። ጠጠሯን ለላቦራቶሪ ሰጠሁ። መልሱ አንድ መስመር ነው፤ ዩሪክ አሲድ።

ለእትዬ መንገሩ ከሁሉ ከበደኝ። ነገርኳት። «ታዲያ በምን ይድን ኖሯል?» አለች። «በውኃና በመጋገሪያ ሶዳ» አልኳት። ብዙ ዝም አለች። ከዚያ «ውኃ እኮ ነበረን» አለች።

ዛሬ ያለው

ጋሼ ሲሞት ዕውቀቱ አልጠፋም ነበር፤ አልደረሰንም እንጂ። አልካሊ ጠጠሩን እንደሚያሟሟ ከመቶ ዓመት በላይ ታውቋል። የዩሪክ አሲድን ምርት የሚቀንሰው አሎፑሪኖል እ.ኤ.አ. በ1966 ለገበያ ቀርቧል፤ ከፈጣሪዎቹ መካከል ያሉት ገርትሩድ ኤልየንና ጆርጅ ሂቺንግስ እ.ኤ.አ. በ1988 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። ያ ዓመት ጋሼ ወገቡን ይዞ የሚንከባለልበት ዓመት ነው። ጠጠርን ከውጭ በድምፅ ሞገድ ማድቀቅም እ.ኤ.አ. በ1980 ሙኒክ ላይ ተጀምሯል።

ሕክምና ደሴ ላይ ሥር እንዳይሰድ ታሪክ ራሱ ተሟግቷል። ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣሊያን አውሮፕላኖች ከተማይቱን ሲደበድቡ፣ የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት፣ የአሜሪካ አድቬንቲስት ሚሲዮን የሚያስተዳድረው ሆስፒታል ጭምር ተመታ። ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ የዋሉት ያን ዕለት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ እጅ ሲለዋወጡ፣ ኅዳር 27 ቀን መንግሥት መልሶ መያዙን እስኪያስታውቅ ድረስ፣ የደሴ ሆስፒታል ተዘርፎ መሣሪያዎቹ ተሰባብረው ነበር። በሰማንያ ስድስት ዓመት ልዩነት፣ ያውም በተመሳሳይ ሳምንት፣ አንዲት ከተማ ሆስፒታሏን ስታለቅስ ማየት ያሳዝናል።

ሆኖም ለዚህኛው ጠጠር ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም፤ ደስ የሚለውም ይህ ነው። ራጅ ንጹሕ ሆኖ ሕመሙ ከቀጠለ አልትራሳውንድ ይጠየቅ። የሽንት ፒኤች የሚለካው ወረቀት ርካሽ ነው፤ ይነከር። የወጣ ጠጠር አይጣል፤ ላቦራቶሪ ይግባ። የገብስ ውኃውና የተልባው ሕክምና የጠቀማቸው ሰዎች አሉ፤ እኔ እንደሚመስለኝ የጠቀማቸው በብዛት የጠጡት ውኃ ነው። ሎሚም አይከፋም፤ ብቻውን ግን አይበቃም። አምቦ ውኃ ባይካርቦኔት አለበት፤ ሶዲየምም አለበትና ደም ግፊት ያለበት ሰው ይጠንቀቅ። ለመጋገሪያ ሶዳውም እንዲሁ፤ ልብና ግፊት ያለበት ሰው ያለ ሐኪም አይንካው። የካልሲየም ጠጠር ያለበት ሰው በዚህ መንገድ አይድንምና ሁሉም ራሱን ሐኪም አያድርግ። አሎፑሪኖል የሚወስድ ሰው ቆዳው ላይ ሽፍታ ካየ መድኃኒቱን አቁሞ ወደ ሐኪሙ ይሩጥ። የጎን ሕመም ከትኩሳትና ከብርድ ብርድ ማለት ጋር ከመጣ፣ ወይም ሽንት ከተዘጋ፣ ነገ የሚባል ነገር የለም፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ነው።

የአሰብ መንገድ ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ ለኛ ሾፌሮች ተዘጋ፤ ጉዞው በሚሌ በኩል ወደ ጅቡቲ ሆነ። በረሃው ግን ያው በረሃ ነው። የእትዬ የልጅ ልጅ አሁን በዚያ መንገድ ይነዳል። ባለፈው ደሴ ስሄድ መኪናውን ሊያስነሣ ሲል ደረስኩ። እትዬ በር ላይ ቆማ ትመርቀው ነበር። ጋቢ አላቀበለችውም። አምስት ሊትር የሚይዝ ጄሪካን ውኃ አንሥታ ወደ ጋቢናው ገፋችለትና «ሚሌ ሳትደርስ ጨርሰው» አለችው።